ማሰሪያ አንቀጽ ያለው ካርታ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በኮምፒዩተር ካርታ ስለ መሥራት ከልዩ ልዩ የጎጃም ወረዳዎች የደረሱን ደብዳቤዎች ስለ በረከቱ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ረጃጅሞቹን ጥያቄዎች አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተን የመጡበትን ቦታ ብቻ ጠቅሰናል።

ጥያቄ (ከስናን ወረዳ)፦ «በተፈጥሮ ሀብት ባለሙያነት እሠራለሁ። ጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒዩተር የማደራጀት ዘዴ) በሥልጠና ተምሬ የአንድ ንኡስ ተፋሰስ ካርታ ኪውጂአይኤስ በሚባለው ሶፍትዌር ሠራሁ። ተዳፋቱን፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የመሬት አጠቃቀሙን፣ የቀበሌውን ወሰን፣ መንገዱን፣ ወንዙን፣ ቦረቦሩን፣ እርከኑንና ምንጩን ሁሉ አስገብቼበታለሁ። በቀበሌው ስብሰባ ላይ ስሰቅለው ገበሬዎቹ በአክብሮት አዩት እንጂ አንድ ሰው እንኳ ጥያቄ አላነሣም። ኃላፊዬም ‹ቆንጆ ነው› ብለው አለፉት። ጉድለቱ ምኑ ላይ ነው?»

መልስ፦ አብረው የላኩትን ካርታ አንድ ሙሉ ጧት አጠገቤ አስቀምጬ ተመልክቼዋለሁ። የመረጃ ስሕተት አላገኘሁበትም። ችግሩ ዘጠኝ ነገሮች በአንድ ጊዜና በእኩል ድምፅ መናገራቸው ነው፤ የቀበሌው ወሰን እንደ ወንዙ ወፍራም ነው፣ የአፈሩ ቀለም ከቦረቦሩ ቀለም ይደምቃል፣ ምንጩማ ከቀለማቱ ሁሉ በታች ተቀብሮ በጣት ካልተፈለገ አይገኝም። ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ያጣ ሰው ከአክብሮት በቀር የሚሰጠው ነገር የለውም።

ሶፍትዌሩ ከመከፈቱ በፊት መሠራት ያለበት አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ካርታው የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ መጻፍ ነው። «የንኡስ ተፋሰሱ ካርታ» የሚለው ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ በሰዋስው ትምህርት እንደ ተማርነው ማሰሪያ አንቀጽ የጎደለው ሐረግ ነው። የእርስዎን መረጃ አይቼ እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ከላይ ያለው ቁልቁለት እርከን ስላልተሠራለት ቦረቦሩ ሽቅብ እያደገ ወደ ምንጩ ቀርቧል።» ይህ ከተጻፈ በኋላ እያንዳንዱ ሌየር (በካርታው ላይ የሚደረበው የመረጃ ንብርብር) በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቦታ ያለው መሆኑ ይመረመራል። ቦረቦሩ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ስለሆነ ወፍራምና ጠቆር ያለ ቡናማ መስመር ይገባዋል። ምንጩ በገጹ ላይ ብቸኛው ደማቅ ሰማያዊ ነጥብ ይሁን። እርከን የሌለው ቁልቁለት በአንድ ቀለም ይቀባ፤ እርከን የተሠራለት ሳይቀባ ይቅር። «ቀርቧል» የሚለውን ማሰሪያ የሚሸከመው ደግሞ በቦረቦሩ ጫፍና በምንጩ መካከል የሚሰመር አጭር መስመርና በላዩ የሚጻፈው የሜትር ቁጥር ነው፤ ይህ ቁጥር አሁን ባለው ካርታዎ ላይ ጨርሶ የለም። የቀበሌው ወሰንና መንገዱ በቀጭን ግራጫ ይቆዩ። የአፈሩ ዓይነት ይውጣ። መረጃ ለመሰብሰብ የደከመ ሰው አንዱንም መጣል ስለማይወድ መውጣቱ ያሳዝንዎት ይሆናል፤ ነገር ግን የሚቀረው ከዚህ ገጽ ብቻ እንጂ ከፋይሉ አይደለም።

ስለ ተዳፋቱ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ነገር አለ። ሶፍትዌሩ ተዳፋቱን በራሱ ምርጫ በአምስት እኩል ደረጃ ከፍሎታል፤ የአሥርዮሽ ነጥብ ያላቸው እነዚያ የደረጃ ድንበሮች ግን ለገበሬውም ሆነ ለኃላፊው የሚሉት ነገር የለም። ትርጉም ያለው ድንበር በአገሩ ቀድሞ አለ። የ1997ቱ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ከ31 እስከ 60 በመቶ ተዳፋት ባለው መሬት ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራ ብቻ እንዲሆን፣ ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ደግሞ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ ነበር። ስለዚህ 30ንና 60ን ድንበር ያድርጉ። የእርስዎ ሌየር ግን የተሰላው በመቶኛ ሳይሆን በዲግሪ መሆኑን ልብ ይበሉ። 30 በመቶ ወደ 17 ዲግሪ፣ 60 በመቶ ደግሞ ወደ 31 ዲግሪ ነው፤ 60 የሚለውን ቁጥር እንዳለ በዲግሪ ሌየር ላይ ቢያስገቡ ከገደል አፋፍ በቀር የሚቀባ ቦታ ስለማይገኝ የጮቄ ተራራ ተዳፋት ሁሉ ሜዳ መስሎ ይወጣል። እኔ ይህንኑ ስሕተት በወጣትነቴ ሠርቼ ካርታው ከታተመ በኋላ ያስተዋለው የቢሮው ሹፌር ነበር፤ በዚያ መንገድ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ስለሆነ ዳገቱ የት እንደ ገባ ጠየቀኝ።

ከሁሉ በታች ሂልሼድ፣ ማለትም የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በብርሃንና በጥላ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ደብዘዝ አድርገው ያስቀምጡ። ብርሃኑ በተለመደው አሠራር ከሰሜን ምዕራብ፣ ማለትም ከ315 ዲግሪ ይምጣ፤ ከደቡብ ካበሩት የብዙ ሰው ዓይን ተታልሎ ሸለቆውን ሸንተረር፣ ሸንተረሩን ሸለቆ አድርጎ ያነበዋል። (አውሮፓውያን ፀሐይ ከዚያ አቅጣጫ በእውኑ አታበራም እያሉ በዚህ ልማድ ይቀልዳሉ፤ በእኛ አገር ግን በሰኔና በሐምሌ ከሰዓት በኋላ፣ ደመናው ከፈቀደ፣ ታበራለች።)

የቀረው ገበሬዎቹ ዝም ያሉበት ምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት በቆላው በኩል በአንድ ቀበሌ ካርታ ዘርግቼ ሳስረዳ አንድ አረጋዊ ንግግሬን አቋርጠው «ማርያም የት አለች?» ብለው ጠየቁኝ። በካርታዬ ላይ ቤተ ክርስቲያኗ አልነበረችም። ቦታዋን በእርሳስ ምልክት ባደረግሁላቸው ጊዜ ከእርሷ ተነሥተው ወንዙን፣ መሻገሪያውንና የአማቻቸውን ማሳ በጣታቸው እየተከተሉ እኔ ላስረዳ የፈለግሁት ቦታ ድረስ ራሳቸው ደረሱ፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባውን የመሩት እርሳቸው ናቸው። በእርስዎ ካርታ ላይም ቤተ ክርስቲያን፣ የገበያ ቦታና ትምህርት ቤት የሉም። ሦስቱን በትንሽ ምልክት ያስገቡ፤ ዓረፍተ ነገሩን ባይናገሩም አንባቢውን ወደ ዓረፍተ ነገሩ ያደርሱታል። የምልክቶቹን መፍቻም ከዳር ከመደርደር ስሙን በየነገሩ አጠገብ ይጻፉት። በስብሰባ ላይ የሚሰቀል ስለሆነ በሦስት ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲያነበው ዋና ዋናው ፊደል ቁመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይነስ።

ጥያቄ (ከሞጣ ከተማ)፦ «የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሶፍትዌር ለመግዛት አቅም የለኝም፤ ኮምፒዩተሬም አሮጌ ነው። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ ኪውጂአይኤስ በ2002 እ.ኤ.አ. ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በነፃ የሚሰጥ ሶፍትዌር ነው፤ ለሚያስተምሩትም ሆነ ለሚሠሩት ካርታ ከበቂ በላይ ነው። ለመሬቱ ከፍታ በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኰራኵር በራዳር የተለካውንና ኤስአርቲኤም የሚባለውን መረጃ በነፃ ያገኛሉ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው። መንገድና ወንዝ ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ይወሰዳል፤ የመረጃውን ምንጭ በካርታው ግርጌ መጥቀስ ግዴታ ነው። ኮምፒዩተርዎ አሮጌ ከሆነ የአንድ ወረዳን ያህል ብቻ ቆርጠው ይሥሩ እንጂ የመላ አገሪቱን መረጃ አይክፈቱ። የመጀመሪያ ልምምድዎ ግን በኮምፒዩተር አይሁን፤ ከቤትዎ እስከ ሞጣ ገበያ ያለውን መንገድ ለእንግዳ ሰው እንደሚያስረዱ አድርገው በእርሳስ ይንደፉት። በዚያ ንድፍ ላይ ሳያስቡት የጣሉት ነገር ምን ምን እንደሆነ ይመርምሩና በሶፍትዌር ሲሠሩ ያንኑ ይጣሉ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ «ካርታዬን በአማርኛ ልሠራ ብፈልግም አልተሳካልኝም። የወረዳዎቹ ስም ከፋይሉ ሲመጣ ሳጥን ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ የሠንጠረዡ ዓምድ ስም ‹የወረ› በሚል ይቆረጣል፤ የሕዝብ ቍጥር ሠንጠረዡን ከካርታው ጋር ሳገናኝ ከወረዳዎቹ ግማሾቹ ባዶ ይቀራሉ። በእንግሊዝኛ ብሠራው አይሻልም?»

መልስ፦ አይሻልም፤ አንባቢዎ በአማርኛ የሚያነብ ከሆነ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቦታ ስም ካርታውን የባዕድ ሰነድ ያደርግበታል። የጠቀሷቸው ሦስት ችግሮች ምክንያታቸው የተለያየ ነውና ለየብቻ ልመልስ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሼፕፋይል፣ ማለትም የተለመደው የካርታ መረጃ ፋይል ዓይነት፣ በሽታዎች ናቸው። ሼፕፋይል ሠንጠረዡን የሚያስቀምጠው በድሮው የዲቤዝ ቅርጽ ስለሆነ ለዓምድ ስም የሚፈቅደው 10 ባይት (የኮምፒዩተር መረጃ መለኪያ) ብቻ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ «የወረዳ ስም» ብለው የጻፉት ከሦስተኛው ፊደል ላይ መቆረጡ የሚጠበቅ ነው። ሳጥንና የጥያቄ ምልክት የሚመጣው ደግሞ ፋይሉ በየትኛው አጻጻፍ እንደ ተቀመጠ የሚነግረው ትንሽ ተጓዳኝ ፋይል በመንገድ ሲጠፋ ነው፤ አንድ ሼፕፋይል የበርካታ ፋይሎች ጥቅል መሆኑን ያላወቀ ሰው ሦስቱን ልኮ አራተኛውን ይረሳል። ከሁለቱም የሚገላግልዎት ሥራውን ጂኦፓኬጅ በሚባለው የፋይል ዓይነት ማስቀመጥ ነው፤ አንድ ፋይል ብቻ ነው፣ የዓምድ ስም አይቆርጥም፣ ፊደላችንንም ያለ ችግር ይይዛል። መረጃው የተጻፈው ዩኒኮድ (የፊደላት ሁሉ የጋራ የኮምፒዩተር ኮድ) ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ከሆነ ግን ምንም ዓይነት ፋይል አያድነውም፤ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መጻፍ ይኖርበታል።

ሦስተኛው የራሳችን ችግር ነው። በአንዱ ሠንጠረዥ «ደብረ ማርቆስ»፣ በሌላው «ደ/ማርቆስ» ተብሏል፤ በአንዱ «ፍኖተ ሰላም» ለሁለት ተከፍሎ፣ በሌላው «ፍኖተሰላም» ተገጥሞ ተጽፏል፤ «ብቸና» የሚል አለ፣ «ቢቸና» የሚል አለ፤ «ሁለት እጁ እነሴ» በዐይኑ ዐ የተጻፈበት ጊዜም አለ። እኛ አንድ መሆናቸውን በንባብ እናውቃለን፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ እና ሐ ለእርሱ ፍጹም የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ ከስሙ መጨረሻ የቀረ አንድ ባዶ ቦታ እንኳ ያለያየዋል። ስለዚህ ሠንጠረዥን በስም አያገናኙ። ለእያንዳንዱ ወረዳ ኮድ ይስጡ፣ ማገናኛው ኮዱ ይሁን፤ ስሙ ለአንባቢ ዓይን ብቻ ይቆይ።

አሁን ወደ ውበቱ እንምጣ፤ ያልተጠየቅሁትን መመለሴ ቢሆንም ነገሩ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የካርታ ሥራ መማሪያዎች የአገሩን ስም በትልልቅ ፊደል፣ የወንዙን ስም በጋደለ ፊደል ጻፍ ይላሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ የማጋደል ልማድም የለውም፤ ሶፍትዌሩ በግድ ሲያጋድለው እንደ ሰከረ ሰው ያዘነብላል። ስለዚህ ደረጃውን በሌላ መንገድ ማሳየት አለብን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት ከቀጭን እስከ ደማቅ ልዩ ልዩ ውፍረት ስላለው ዞኑን በደማቅ፣ ወረዳውን በመካከለኛ፣ ቀበሌውን በቀጭን መጻፍ ይቻላል። የሰፊ አካባቢ ስም፣ ለምሳሌ «ጮቄ»፣ ፊደሎቹ ተራርቀው ቢጻፉ የቦታውን ስፋት ይናገራሉ። የወንዝ ስም በሰማያዊ ሆኖ የወንዙን መታጠፍ ይከተል፤ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ እያንዳንዳቸው በመስመራቸው ላይ ይጻፉ እንጂ በርቀት አይቀመጡ። በወረቀት ላይ የፊደሉ መጠን ከ8 ነጥብ በታች አይውረድ፤ ቢንና ባን፣ ሉንና ሊን የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ስለሆነች ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እርሷ ናት፣ እርሷ ስትጠፋ ደግሞ የቦታው ስም ሌላ ይሆናል። ጽሑፉ በጠቆረ ቦታ ላይ ሲወድቅ ዙሪያውን ስስ ነጭ ጠርዝ ያድርጉለት።

ጥያቄ (ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ «የሕዝብ ቍጥርን የሚያሳይ ካርታ ሠርቼ መምህሬ ‹ካርታሽ ይዋሻል› ብለው መለሱልኝ። ቍጥሩን ከቆጠራው ሰነድ ነው የወሰድሁት። ምኑ ነው የሚዋሸው?»

መልስ፦ መምህርሽ ትክክል ናቸው፤ አንቺም አልዋሸሽም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም ዞን 2,153,937፣ ምዕራብ ጎጃም ዞን 2,106,596 ሕዝብ ነበራቸው። ሁለቱን በሕዝብ ብዛት ብትቀቢያቸው ምሥራቁ ጠቆር፣ ምዕራቡ ፈዘዝ ብሎ ይወጣል፤ የሚያይሽም ሰው «ምሥራቁ ጋ ሰዉ ተጨናንቋል» ብሎ ይሄዳል። አሁን በስፋታቸው አካፍይው፤ ምሥራቅ ጎጃም ወደ 14,004 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ምዕራብ ጎጃም ወደ 13,312 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። ለምሥራቁ በካሬ ኪሎ ሜትር 154፣ ለምዕራቡ 158 ሰው ይደርሳል። ተራው ተገለበጠ። ቦታን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቀለም ሁልጊዜ «በዚህ ቦታ ምን ያህል ጥቅጥቅ ብሏል» ተብሎ ስለሚነበብ ቀለም የሚሰጠው ለጥግግት፣ ለመቶኛ ወይም ለነፍስ ወከፍ ቍጥር ነው። ጥሬ ብዛትን ማሳየት ከፈለግሽ በየዞኑ መካከል መጠኑ የሚለያይ ክብ አድርጊ።

ልብ ብለሽ ከሆነ ግን በ154ና በ158 መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለቱን በተራራቁ ቀለማት መቀባትም ሌላ ውሸት ነው፤ ሶፍትዌሩ የደረጃውን ድንበር በ156 ላይ ቢጥለው መንትዮቹን እንግዶች ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ከዞን ወርደሽ በወረዳ ሥሪው፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው፤ የደጋውና የወይና ደጋው ወረዳ ከዓባይ በረሃ ዳር ካለው ቆላ ጋር የሚለያየው በወረዳ ደረጃ ሲታይ ነው። ደረጃዎቹ ከአምስት አይብለጡ፤ ቀለሙ አንድ ሆኖ ከፈዛዛ ወደ ጠቆር ይሂድ። አረንጓዴና ቀይን አታጋጥሚ፤ አንደኛ ሁለቱን መለየት የሚቸግራቸው ወንዶች ጥቂት አይደሉም፣ ሁለተኛ ካርታሽ በመጨረሻ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ መባዛቱ ስለማይቀር ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። መረጃ ያልተገኘበትን ወረዳ እንደ ዜሮ አትቀቢው፤ ለብቻው በሰያፍ መስመር ለይው። ከፍታን የምታሳዪ ከሆነ ደግሞ 1,500፣ 2,300 እና 3,200 ሜትር የሚሉትን የቆላ፣ የወይና ደጋ፣ የደጋና የውርጭ ድንበሮች ውሰጂ፤ ማንም ሰው መፍቻውን ሳያይ ያነበዋል።

ጥያቄ (ከመራዊ)፦ «በቆጋ መስኖ አካባቢ በጂፒኤስ የሰበሰብኋቸው ነጥቦች ከድሮው 1፡50,000 ካርታ ጋር ሲደራረቡ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተንሸራትተው ይታያሉ። በመዳፊት ጎትቼ ላስተካክላቸው?»

መልስ፦ በፍጹም አይጎትቷቸው። የቀድሞዎቹ የመሬት ገጽታ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታ ልኬት መነሻ) ሲሆን ጂፒኤስ የሚሰጠው ደብልዩጂኤስ 84 በሚባለው ነው፤ በእኛ አካባቢ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር በላይ ይሆናል። የእርስዎ ነጥቦች እኩልና ወደ አንድ ወገን መንሸራተታቸው የዚህ ምልክት ነው። መጀመሪያ ስካን የተደረገውን የድሮ ካርታ «አዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን» ነህ ብለው (ዩቲኤም ቦታን በሜትር የሚለካ የካርታ መረብ ነው) ትክክለኛ ማንነቱን ይስጡት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ደብልዩጂኤስ 84 ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ያዛውሩት። እነዚህ ሁለት ትእዛዞች በሶፍትዌሩ ውስጥ ተቀራራቢ ስም ስላላቸው ይምታታሉ፤ የመጀመሪያው ስም መስጠት ብቻ ነው፣ ቦታውን የሚለውጠው ሁለተኛው ነው። 200 ሜትር የአንድን ቦይ ውኃ ከአንዱ ገበሬ ማሳ አንሥቶ ለሌላው የሚሰጥ ርቀት ስለሆነ በዚህ ላይ ቸልታ አይፈቀድም።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ «በቴሌግራም ስልከው ካርታዬ ይደበዝዛል፤ መለኪያውም የተሳሳተ ነው ይሉኛል።»

መልስ፦ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላኩት። «1፡100,000» የሚለውን ቍጥር አንሥተው በመስመር የተሰመረ መለኪያ ያስቀምጡ፤ ሥዕሉ በስልክ ላይ ሲጠብብና ሲሰፋ መስመሩ አብሮት ይጠብባል፣ ይሰፋል፣ ቍጥሩ ግን እንደ ቆመ ይቀራል።

ጥያቄ (ከሰከላ ወረዳ)፦ «ወደ ግሽ ዓባይ ለሚመጡ ጎብኚዎች የዓባይን ጉዞ የሚተርክ ካርታ በግድግዳ ላይ ለመሥራት አስበናል። አንድ ትልቅ ካርታ ይሻላል ወይስ ብዙ ትናንሽ?»

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በደስታ ነው ያነበብሁት፤ ታሪኩ ራሱ ካርታ ነውና። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል፤ ማሰሪያ አንቀጹ «ይዞራል» ነው። ወንዙ ከጣና በባሕር ዳር ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ቀጥሎ ወደ ምዕራብ፣ በመጨረሻ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲታጠፍ ጎጃምን በክንዱ ያቅፈዋል። የመጀመሪያው ካርታ ከዚህ መዞር በቀር ምንም አያሳይ፤ የዞን ወሰን፣ መንገድ፣ የወረዳ ከተማ አያስፈልገውም። ጎጃምን የማያውቅ እንግዳ እንኳ ያንን ቅርጽ ካየ በኋላ አይረሳውም፤ ስለዚህ በቀጣዮቹ ካርታዎች ጥግ ላይ ትንሽ አድርገው ደጋግመው ያስቀምጡት፣ የት እንዳለ ይነግረዋል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ካርታዎች ይበቃሉ። አንዱ ከግሽ ዓባይ እስከ ጣና፣ ግልገል ዓባይ በሚል ስም የሚወርድበት ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ምንጩ ዘንድ መድረሳቸው እዚህ ላይ በአንድ መስመር ይነሣል፤ የአገሬው ሰው ግን ከሁለቱም አስቀድሞ ጠበሉን ሲጠጣ መኖሩ ከዚያ መስመር በፊት ይጻፍ። ሁለተኛው ባሕር ዳርንና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀውን ጢስ ዓባይን ይይዛል። ሦስተኛው የደጀን በረሃ ነው። ሦስቱ የተለያየ መለኪያ ስለሚኖራቸው እንግዳው እንዳይሳሳት በእያንዳንዳቸው ላይ የ10 ኪሎ ሜትር መስመር በተመሳሳይ ቦታ ይሰመር፤ የውኃው ሰማያዊም በአራቱም ላይ አንድ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ካርታ አይናገረውም፤ እርሱም መውረዱ ነው። ከግሽ ዓባይ 2,700 ሜትር ገደማ ተነሥቶ፣ በጣና 1,800 ሜትር ገደማ አርፎ፣ በደጀን ድልድይ ወደ 1,000 ሜትር መውረዱን ከላይ ወደ ታች የሚታይ ሥዕል ሊያሳየው አይችልም። ለዚህ ከካርታዎቹ ሥር በግድግዳው ርዝመት ሁሉ የሚሄድ የከፍታ መስመር ይሣሉ፤ ጢስ ዓባይ ላይ መስመሩ ሲሰበር እንግዳው ራሱ ያየዋል።

ወንዙ ከጣና ሳይቀላቀል አቋርጦ ያልፋል የሚለውን የአባቶች ትረካ አይተዉት። ነገር ግን የተለካው መስመር ሙሉ፣ የተተረከው መስመር ነጠብጣብ ሆኖ በሐይቁ ላይ ይታይና «እንደሚተረከው» የሚል ቃል ይጻፍበት፤ ሁለቱ በአንድ መስመር ከተሣሉ ትረካውም ልኬቱም ክብሩን ያጣል።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ አሠራሩ ነው። ካርታዎቹ በቆመ ሰው የዓይን ከፍታ ልክ ይሁኑ፤ ሰው ካርታን በጣቱ ነውና የሚያነበው እንዳይነካ የሚከለክል ገመድ አይዘርጉበት። «አሁን ያሉት እዚህ ነው» የሚለውን ነጥብ ሁሉም ሰው ስለሚነካው ቀለሙ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ የሚለቀው እዚያ ላይ ነው፤ ስለዚህ ነጥቡን በቀለም ሳይሆን ጠፍጣፋ ራስ ባለው የናስ ምስማር ያድርጉት።